ኪራይ እምቢ ያለው አከራይ

ሰፈሩ «ጌታ-የለሽ» ይለዋል። ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣ ሚስት የለውም፣ ሱቁ ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ሃያ ስድስት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል፤ ሃያ ስድስቱንም ዓመት አከራይ ሲረግም ኖሯል። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ቁልፉ እስኪያልቅ መሄጃ ስለሌለው ንግግሩን ይሰማል።

ንግግሩ ደግሞ ረጋ ብለው ሲሰሙት በጣም የሚያስደስት ነገር አለው። አናርኪስት ነኝ ይላል፤ አናርኪስት ማለት ግን ገዢም አለቃም ይቅር የሚል እንጂ ያገኘውን ሁሉ የሚያተራምስ ማለት አይደለም። የለበስከው ካፖርት ያንተ ነው፤ የምትሠራበት ሞረድ ያንተ ነው፤ የምትተኛበት ክፍልም ያንተ ነው። ሌላ ሰው ተኝቶበት አንተ በየወሩ የምትሰበስብበት ክፍል ግን በምን ሒሳብ ያንተ ይሆናል? አለቃም አያስፈልግም፤ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ሁሉም እሺ ያለው ይደረጋል፣ አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ይቀራል። ለእያንዳንዱም እንደሚያስፈልገው ይሰጠዋል። ገንዘብም ቢሆን የግድ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን በተግባር ለማሳየት ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ቁልፍ ሊቀርጽለት፣ በምትኩ ፀጉሩን ሊስተካከል ተስማምቶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እስካሁን አራት ቁልፍ ወስዷል። ጌታ-የለሽ ራሰ በራ ነው።

እንዲህ እያለ ሲኖር አክስቱ ሞቱና ቤታቸውን አወረሱት።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ከፊት ሁለት መስኮት ያለው፣ አክስቱ ይኖሩበት የነበረው ሰፊ ክፍል፤ ከኋላ ሁለት ጠባብ ክፍሎች። በአንደኛው ጡረታ የወጡ ነርስ፣ በሌላኛው ልብስ ሰፊዋ ከሁለት ሴት ልጆቿና ከስፌት መኪናዋ ጋር ተከራይተው ይኖራሉ። ጌታ-የለሽ ሰፊው ክፍል ገብቶ መጻሕፍቱን ደረደረ። ወር ሲሞላ ልብስ ሰፊዋ ኪራይ ይዛ መጣች።

«አልቀበልም» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

ፊቷ ልውጥ አለ። ገንዘቡን እንደያዘች ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ ሲያይ ብርድ ልብስ እየጠቀለለች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የተከራየ ሰው ይህን አለማሰቡን ሲያወራ ዛሬም ራሱን ይይዛል፤ ኪራይ አልቀበልም ያለ አከራይ ሊያስወጣህ ነው፣ ይህን የማያውቅ ተከራይ የለም።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? ልጆቹ ጮኹብዎት?»

«ኧረ በጭራሽ! ክፍሉ ያንቺ ነው እያልኩሽ እኮ ነው።»

«ግዴለም፣ አይደብቁኝ። ገዢው መቼ ነው የሚገባው?»

ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳት። ነርሷም ተጠሩ። በስንት መከራ ጥቅልሉ ተፈታ። ጌታ-የለሽ ከደስታው ብዛት ሻይ አፍልቶ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከፈተ።

«እንግዲህ አከራይ የለም። ሁላችንም እኩል ነን። ጥያቄ ያለው?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። «እንደሚያስፈልገው ይሰጠዋል ብለዋል፣ አይደል?»

«ብያለሁ!»

«እኛ ሦስት ነን፣ መኪናም አለን፤ ጨርቅ የምቆርጠው አልጋ ላይ ነው። እርስዎ አንድ ነዎት። ሰፊውን ክፍል ለኛ፣ የኛን ለእርስዎ ብናደርገውስ?»

ሊል ያሰበው «ግሩም ሐሳብ ነው!» ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «አክስቴ እኮ ናቸው ያወረሱኝ!» የሚል ሆነ።

ነርሷ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ይኸው፣ አከራዩ መጣ!»

እርግጥ እምቢ ማለት ይችላል። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ይቀራል የሚለውን ደንብ ያወጣው ብዙዎቹ ደካማውን እንዳይረግጡት ብሎ ነው፤ ደካማው እሱ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም። ሦስት ቀን ስጡኝ አለ። ከዚያ ሜትር ይዞ ሁለቱንም ክፍሎች ይለካ ጀመር፣ በልቡ አልጋው ጠባቡ ክፍል እንዳይገባ እየተመኘ። አልጋው ገባ። መደርደሪያው ገባ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ ለካ፤ አሁንም ገባ። ያልገባው ጠረጴዛው ብቻ ነው፣ አከራይነት ስለሚቀርበት መንገድ የሚጽፍበት ጠረጴዛ። ይህ ጥሩ ምክንያት መሰለውና ሊነግራቸው ተነሣ። በሩ ጋ ቆሞ የሚለውን በልቡ ሲለማመድ ግን ሳቅ አሸነፈው።

«እሺ» አለ በሦስተኛው ቀን። «ጠረጴዛውንም ጨርቅ ቁረጪበት።»

ዕቃው በግማሽ ቀን ተዛወረ። በሳምንቱ ዝናብ መጣ። ጌታ-የለሽ ጋደም ብሎ ሲያነብ ግንባሩ ላይ ጠብ፣ ጠብ። ብድግ ብሎ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳ።

«ጣራው ያፈሳል እኮ!»

«ስምንት ዓመቱ ነው» አለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ለአክስትዎ ያልነገርኩበት ጊዜ የለም።»

ደሙ ፈልቶ ግቢው መሃል ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመው ስድብ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ የሚሰደብ ሰው ግን ዙሪያውን ቢያይ አጣ። ነርሷ በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንተ! ለማን አቤት ልትል ነው የቆምከው? መሰላሉ ከጓሮ ነው።»

«እትዬ፣ ዝናብ እኮ ነው!»

«ባይዘንብማ ቀዳዳውን በምን ታውቀዋለህ? ና፣ እይዝልሃለሁ።»

ምስማሩን በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ከታች ልብስ ሰፊዋ «ወደ ግራ!»፣ ነርሷ «ወደ ቀኝ!»፣ ታላቂቱ ልጅ «እንዳይወድቁ!» ይላሉ። አለቃ የሌለበት ቤት ይህን ያህል አለቃ እንዳለው ማን ነግሮት! በሆዱ ተኝቶ ቆርቆሮውን በጣቱ ሲዳብስ ቆየ። በኋላ ታናሺቱ ከክፍሉ ውስጥ ጮኸች።

«አገኙት ጋሼ! ጣትዎ ታየኝ!»