ያልተጠየቀው ፊደል መራጭ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሁለት ይበቃል» ነው የሚሉት። ደንበኛ በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት ዓይነት ፎንት፣ ማለትም የፊደል መልክ፣ ካልተደረደረልኝ ብሎ ሲያስቸግር፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለርእሱ፣ አንዱ ለጽሑፉ» ይላል። ድሮ ይህ ሙግት እስከ ምሳ ሰዓት ይዘልቅ ነበር። አሁን አንዴ ይለዋል፣ ካልሰሙት ይተወዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሰሞኑን የመጣው የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ባለቤት ነበር። በበራሪ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ሁሉ እንዲወፍር፣ ጥላ እንዲኖረው፣ በዚያ ላይ እንዲያጋድል አዘዘ።

«ጌታዬ፣ ሁሉም ከጮኸ ማን ይሰማል?» አለው ሁለት ይበቃል።

«ወረቀቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ይጩኽ!»

ጮኸ። ፊደሎቹ በግድ ሲወፍሩ ውስጣቸው ያለው ክፍት ቦታ በቀለም ተደፈነ። ሁለት ይበቃል እንደ ልማዱ ናሙናውን ዘቅዝቆ አየው። ሲዘቀዘቅ ቃሉ አይነበብም፤ የሚታየው ጥቁሩና ነጩ ብቻ ነው። መስመሮቹ የተፋፈጉበት ቦታ ጭቃ የተረጨበት ይመስል ነበር። አየና ለማተሚያው አሳለፈው።

እንዲህ ያለ ቀን ሲያልቅ ቤቱ የሚገባው ወገቡ ተቆርጦ ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ስለ ፊደል አታንሱብኝ!» ይላል። ሚስቱም አንድ ልጁም ለምደውታል። ልጅቷ ትንሽ ሳለች «አባዬ፣ ስሜን በሚያምር ፊደል ጻፍልኝ» ብላ ወረቀት ይዛ ስትመጣ «ነገ» ይላት ነበር። ቆይታ መጠየቁን ተወችው።

አሁን ይህችው ልጁ ልታገባ ነው። ሁለት ይበቃል ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሥራ አማረው፤ የጥሪ ካርዷን መሥራት። በሐሳቡ ጨርሶታል። ሁለት እንኳ አያስፈልግም፣ የረጋ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል አንድ ፎንት ብቻ። ስሞቹ ጎላ ይላሉ፣ ዙሪያቸው ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ መስመሮቹም ይተነፍሳሉ። ግን እስክትጠይቀው ጠበቀ። «እኔ ልሥራልሽ» ብሎ መለመን ለአባት የሚያሳፍር መሰለው። እሷም ሳታነሳው ሠርጉ ቀረበ።

አንድ ጠዋት ከትንሽ የዲዛይን ሱቅ የሚታተም ፋይል መጣ። ሲከፍተው ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ፤ ሱቁ የተጠቀመበት ፎንት እሱ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። የየቀኑ ጣጣ ነው። የምን ሥራ እንደሆነ ለማየት ያህል እያዛጋ ያገኘውን ፎንት ተካበት። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። የሙሽራዋ ስም የልጁ ነበር፤ የሙሽራዋ አባት ተብሎ የተጻፈውም የገዛ ስሙ።

ሆድ ባሰው። ሥራ ላይ መሆኑን ረስቶ ደወለላት።

«ካርድሽ እጄ ላይ ነው» አላት።

«ውይ! ያሠራሁበት ሱቅ እናንተ ጋ ነው እንዴ የሚያሳትመው?»

«ምነው ልጄ፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«አባዬ፣ ስለ ፊደል አታንሱብኝ ስትል አይደል ያደግኩት? ሥራህ ድካም መሆኑን ነው የማውቀው። በሠርጌ ደግሞ ላደክምህ?»

አንድ ገጽ መልክ ሲይዝለት፣ መስመሮቹ ቦታ ቦታቸውን ሲያገኙ፣ ብቻውን ፈገግ የሚልባቸው ቀናት ነበሩ። ያንን ግን ቤቱ ይዞ ገብቶ አያውቅም። ለልጁ የተረፋት ምሬቱ ነው።

«እኔ ልሥራው። አይደክመኝም» አላት።

ድምፁ ግን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር፤ ለራሱም ተሰማው።

«ግድ የለም አባዬ» አለችው በርኅራኄ። «ባይሆን እንዳለ አትመው። አንተ እረፍ።»

«እሺ» አላት፣ ለደንበኛ እሺ በሚልበት አፉ። ከዚያ ካርዱን እንዳለ ለማተም ወደ ሱቁ ደውሎ፣ የጎደለውን ፎንት እንዲልኩለት ጠየቀ።