ሳር የማይበላው በሬ

ስድስት ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን ባውቀውም ዝም፣ ሽንት ቢይዘኝም ዝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያወጣሁት ሰበታ፣ የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ በሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ሰብስቤው ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

ከደሞዜ እየተቆረጠ ሦስት ዓመት ቆጥቤ ተራዬ ደርሶ ነበር። የምበደረው የስፌት መኪና ልገዛ ነው። ሰበታ የቤት ኪራይ ሲጨምርብኝ ቡራዩ እህቴ ጋ ገብቻለሁ፤ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ወደ አገሯ ልትመለስ ስለሆነ መኪናዋን እስከ ቅዳሜ ለእኔ አቆይታልኛለች። እሱን ከገዛሁ እቤቴ ሰፍቼ እኖራለሁ፤ በየቀኑ ሁለት ታክሲ መጋፋት ቀረ።

የዚያን ቀን አንድ ባለሙያ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት አዲስ መመሪያ ይዞ መጣ። መመሪያው ለእኛው ጥቅም ነው አለ። ከሰበታ ውጭ ለሚኖር አባል ብድር ተከልክሏል፤ ለምን ቢባል፣ ሩቅ የሚኖር ተበዳሪ ይጠፋል። እኔ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ እየተገኘሁ የምጠፋ ሰው ነኝ።

"ከሰበታ ውጭ የሚኖር አባል አለ?" ብሎ ጠየቀ።

ከእኔ ጋር ከቡራዩ የሚመላለሱት ስድስቱ በአንዴ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ግን እሁድ ቸርች ስለ ውሸት የተሰበከውን ገና አልረሳሁም። እጄ ወጣ።

"አንቺ፣ እጅሽን አውርጂ!" አለችኝ ሰብሳቢያችን በጥርሷ መሃል።

"በጣም ጥሩ!" አለ ባለሙያው። "እንዲህ ያለ ግልጽ አባል ነው የሚያስፈልገን።" አስጨበጨበልኝና ስሜን ከተበዳሪዎች ዝርዝር ላይ ሰረዘው።

ታክሲ ውስጥ አንዷ፣ "ቅድስቲቱ! መንግሥተ ሰማያት ውስጥ የስፌት መኪና ይሰጣሉ እንዴ?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ።

ዋስ ሊሆኑኝ የነበሩት የፋብሪካው ዘበኛ ናቸው። የሰበታ ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። በማግስቱ በር ላይ ያዙኝ።

"ኢንተሎ፣ ልጄ፣ አንቺን ጠየቁሽ፣ እውነቱን መለስሽ። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ምን ሊያደርጉ ነው ኦቦ?"

"እኔም አባል ነኝ፤ እበደራለሁ። በሬ ላደልብ ነው እላለሁ።"

"በሬ የለዎትም እኮ!"

"ለዚህ አይደል የምበደረው?"

ዓርብ ገንዘቡ ወጣላቸው፤ ለእኔ ሰጡኝ። ቅዳሜ መኪናውን በባጃጅ ጭኜ እህቴ ቤት አስገባሁት። ወር ሳይሞላ ፋብሪካውን ለቀቅሁ። አሁን በየወሩ ሰበታ ሄጄ የብድሩን ክፍያ ለኦቦ እሰጣለሁ፤ እሳቸው በስማቸው ይከፍላሉ። መመሪያው ተከብሯል፣ ከሰበታ ውጭ ማንም አልተበደረም።

"በሬው እንዴት ነው?" ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር።

"ደህና ነው፤ ክር ይበላል።"

ባለፈው ስሄድ ግን አልሳቁም። ባለሙያው የተበዳሪዎችን ከብት እየዞረ ሊያይ ነው አሉኝ።

"ምን ይሉታል ታዲያ?" አልኳቸው።

"ቡራዩ ለግጦሽ ልኬዋለሁ እለዋለሁ። ሰው ተከለከለ እንጂ በሬ አልተከለከለም።"

ባለሙያው እዚህ ቡራዩ ድረስ መጥቶ ይጠይቀኝ ይሆናል። ይምጣ። እጄን ግን አላወጣም፤ ሁለቱም ጨርቅ ይዘዋል።