የሳሙና መንጋጋ

መጀመሪያ ያየሁት ሴትዮዋ ጥፍሮች ሥር የተሰገሰገውን ነጭ ሳሙና ነው። በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ የማለዳ አውቶቡስ ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ከካፖርቷ ሥር የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርም ይታያል። ትንሽ ሳሙና በጥፍር ሞረድ ትፍቃለች። ከሳሙናው መንጋጋ ጥርስ ወጣ፤ ሥሩ ሳይቀር! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የሥራ ባልደረባዋ ሊጋያ አጠገቧ ሳቀች። «እትዬ፣ የሆቴሉን ሳሙና ጨረስሽው እኮ! ዛሬ ካለፍሽ የኔን ወላቃ በነጻ ነው የምትተክዪልኝ።»

«ዝም በይ አንቺ፣ እጄን ታንቀጠቅጪዋለሽ።»

ሊጋያ ወደ እኔ ዞራ «አገሯ ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ከተማ እያለች ዐሥራ አራት ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበረች» አለችኝ። «እዚህ ለመሥራት ጥርስ ቀርጻ የምታሳይበት የእጅ ሙያ ፈተና አለባት። ሁለቴ ወድቃለች፤ ከዛሬው በኋላ ሌላ ዕድል የላትም።»

ድንገት መንጋጋው መዳፏ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ሊጋያ ሳቋን ዋጠች። ሴትዮዋ ስብርባሪውን አላየችም፤ የምታየው እጆቿን ነበር፣ የሌላ ሰው የሆኑ ይመስል።

«ብርዱ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አውቶቡሱ ግን ይሞቅ ነበር።

ፈተናው ያለበት ሕንፃ ጋ ወረደች። እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ የተኛ ሕፃን እንደታቀፈች ሁሉ፣ በበረዶው ላይ ቀስ እያለች ሄደች።