ሬዲዮ የማያውቀው የወፍጮ ዘፈን

ደብረ ታቦር እህል ላስፈጭ ሄጄ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ወረፋ ይዣለሁ። ፈጪው ልጅ በስልኩ ዘፈን ያንጫርራል። የትኩስ ዱቄቱ ሽታ ግን እኔን ወደ ልጅነቴ፣ ጉና ተራራ ሥር አክስቴ ቤት ወሰደኝ።

ያን ጊዜ ሴት በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ በምትዘፍነው ማንም አይቆጣባትም፤ ደንብ ነው። አክስቴ አንበሳሜ ሄዳ እናቷን ልትጠይቅ ብትል ባሏ «እርሻ አለብን» ብለው ከለከሏት። እሷም ገብሱን እየፈጨች ጀመረች፦

«እናቴን ሳላያት ክረምቱ ገባብኝ፣
በቅሎው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጭን ጠፋብኝ።»

«እሳቸው አይቆጡም?» አልኋት።

«እኔ የነገርሁት ለድንጋዩ ነው፤ ድንጋይ ይቆጣል?» አለችኝ።

ባሏ ከደጅ ሆነው፣ «አንች ሴት፣ ዝቅ አድርጊው! ጎረቤት ሰማ እኮ!» ቢሏት ጭራሽ ድምጿን ከፍ አደረገችው። ጥቂት ቆይተው እያጉረመረሙ ኮርቻውን ሲያወጡ አየኋቸው።

ይኸን ዘፈን በሬዲዮ አንድ ቀንም ሰምቼው አላውቅም። ከሚንጫረረው ሁሉ ይበልጣል፤ ለፈጪው ልጅም ይኸንኑ ነገርሁት።

«አባባ፣ ስልክ ላይ አለ?» አለኝ።

«የለም። ወፍጮህን አጥፋና ስማ!» አልሁት።

አጠፋው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጮኹብኝ። እኔ ግን ጀምሬው ነበር።