ውኃ ላይ የቀረችው ታንኳ

ጡረታ ስወጣ እኩዮቼ መቁጠሪያ ጨበጡ፤ እኔ ማውዝ ጨበጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ፕሮግራም መጻፍ ተማርሁ ስል ሰው ልጆቼን በሐዘኔታ ያያቸዋል።

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ከጣና ማዶ ከደልጊ መጥታ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ከረመች። አሮጊትና ሽማግሌ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተን የደንገል ታንኳ ሠራን፤ የምትቀዘፍ፣ የምትጫን፣ ውኃ በጠጣች ቁጥር የምትከብድ ታንኳ። እያንዳንዱን እስር ደንገል የመረጠችው እሷ ናት። በመጨረሻው ቀን ታንኳዋን ከነጭነቷ፣ ከነእርጥበቷ፣ ከነሰዓቷ ፋይል አድርጌ አስቀመጥኋት። ሰው ቢከፍተው የማያነበው ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር ግን የትም ቢሆን መልሶ ታንኳ ያደርገዋል። «እልክልሻለሁ» አልኋት። ፕሮግራሙን ለኮምፒውተሯ ላክሁላት፤ ፋይሏን ግን አልላክሁም።

ደልጊ በገባች በሳምንቷ ወድቃ የጭኗን አጥንት ሰበረች። ወራት ተኛች፤ ስልክ ላይም ቃሏ እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን «ታንኳችንስ?» ብቻ ብላ ዘጋችው። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሰሞን ተቃጥሏል። የቀረችን ፍላሽ ላይ ያለች አንዲት ፋይል ናት።

ፍላሿን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከትቼ በጀልባ ተሳፈርሁ። ብትበላሽስ? አልከፍትም ብትልስ? ኪሴን ስዳብስ ያዩ ሴትዮ «አባባ፣ ልብዎን ያምዎታል?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኋቸው።

ደልጊ ደርሼ ኮምፒውተሯን አልጋዋ ላይ አስቀመጥሁላት።

«ቢስሚላህ በል፣ ጋሼ» አለች እንደተጋደመች።

ከፈትሁት። ታንኳችን ብቅ አለች። ደስ ብሎኝ አፌን ስከፍት ዘመም አለችና ሰጠመች።



«ስታስቀምጣት የት ነበረች?» አለች እህቴ።

«ውኃ ላይ።»

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ! ሳታወጣት? ግንብ አስደግፈህ ሳታደርቃት?»

ፕሮግራሙ የተቀመጠችበትን ቀን ከዛሬ ጋር አስተያይቶ፣ ያን ሁሉ ወር ውኃ ስትጠጣ ከርማለች ብሎ ፈርዶባታል። እንዲህ ቁጠር ያልሁት ደግሞ እኔው ሊቁ ነኝ።

ኮምፒውተሩ «ለውጡ ይቀመጥ?» ሲል እጇ ወደ እሺታው ሄደ።

«አትንኪ!» ብዬ ጮህሁ። እሺ ብትለው የሰጠመችዪቱ በደህናዪቱ ላይ ልትጻፍ ነበር። ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። ፋይሏ ውስጥ ታንኳችን አሁንም ደህና ናት፤ የምትሰጥመው ስንከፍታት ነው።

እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መልሰዋ፣ ጋሼ።»

ወደዚያ ወደ ክረምቱ ቀን መለስሁት። ቢስሚላህ። ታንኳዋ ወጣች፤ ዘመም አላለችም። ተሽቀዳድመን ወደ ዳር ጎተትናት፣ ግንብ አስደግፈን አቆምናት፣ ከዚያ አስቀመጥናት።

«አሁን ቀኑን ወደ ዛሬ ልመልሰው?»

«ትንሽ ቆይ» አለች። «በዚህ ቀን እግሬ ደህና ነበር።»

ቀጥላም «ትራስ አምጣና ደግፈኝ» አለችኝ። ኮምፒውተሩ እስከ ማታ ክረምት ላይ ቆየ።