ውሃ ዳር ስም አይጠራም

ባለፈው ሰሞን፣ ጀርመንኛ በሚነገርባት ዋሊሰለን ከተማ በምሠራበት የስፖርት ዕቃ መደብር አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ ቃጭል አንስተው ጆሯቸው ሥር አንቀጨቀጯት። ማታ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የዘንጋቸው ጫፍ ላይ የሚሰኳት፣ ዓሣው ሲጎትት የምትጮህ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ነገር ናት። ሽማግሌው ዋጋዋን ሲጠይቁኝ አልሰማኋቸውም። እስከ ወገቤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። የሥራ ባልደረባዬ ያመመኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ። ለእሷ ምን ብዬ ላስረዳት? ውሃ ስሜን ጠርቶኝ ያውቃል ብሎ በጀርመንኛ ማውራት ሐኪም ያስጠራል።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ጄኔቫ፣ ካሩዥ ውስጥ፣ ትራም በመስኮቱ ሥር በሚያልፍበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች፤ አባቴ ቀን ቀን ኦ ቪቭ ሰፈር ባለ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። የሚገናኙት በር ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም፤ እኔን እንደ ቤት ቁልፍ ይቀባበሉኝ ነበር። አርብ ማታ ግን አባቴ ቤት መቀመጥ አይሆንለትም። አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ አባቱም አያቱም ዓሣ አስጋሪ የነበሩ ሰው ነውና፣ ሳምንቱን ሙሉ እጁ ውሃ ውስጥ ከርሞም ውሃ ይናፍቀዋል። እኔን የሚተውበት ሰው ስለሌለ ይዞኝ ይወጣል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የጄኔቫን ሐይቅ ይንቀው ነበር። ቱሪስት ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ የሚነሳበትን ያን ውበት ታጥቦ የተቀመጠ ሳህን ነው ይለዋል። እሱ የሚፈልገው ሆዱ የማይታወቅ ውሃ ነው። ያንንም ፈልጎ አገኘው፤ ሮን ወንዝ ከተማውን ለቆ ጫካ ለጫካ የሚሄድበት ቦታ። ከታች ግድብ ስላለ ወንዙ እዚያ ጋ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ በሸምበቆው መሃል ወደ ውስጥ የገቡ ጠባብ ጠባብ ቦዮችን ሰርስሮ ይገባል፤ ሲጎድል ጭቃና ጠጠር ትቶ ይወጣል። ትልልቆቹ አምባዛዎች ከሚገባው ውሃ ጋር እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ ለማደን ይመጣሉ፤ አባቴ ደግሞ የቦዩ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ይሄ እንኳ ይተነፍሳል፣ ይለኝ ነበር ወንዙን እያየ።

መቼም እዚህ አገር ሰውም ዓሣም ያለ ፔርሚ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ አይሆንለትም። የእኛ የመኖሪያ ፔርሚ ዓመታት ተጉላልቶ ሳይመጣ፣ የአባቴ የዓሣ ማጥመጃ ፔርሚ በጠየቀበት ቀን እጁ ገባ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን አለቀሰች።

የእነዚያ አርቦች ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የበሰበሰ ቅጠል፣ ጭቃ፣ ዘይትና ሳሙና የጠጣው የአባቴ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ያ የገማ የዶሮ ጉበት። አምባዛ የሚወደው የከረመውን ነው ብሎ ከምግብ ቤቱ የተራረፈውን ያመጣና ፍሪጅ ውስጥ ከእናቴ ቅቤ አጠገብ ይሸጉጠዋል። በዚህ የተነሳውን ጠብ እዚህ አላነሳውም። ባልዲውን ደፍቶ ያስቀምጠኛል፣ በብርድ ልብስ ይጠቀልለኛል፤ እኔ ከወንዙ ጠጠር ለቅሜ ብቻዬን ቅልልቦሽ እጫወታለሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሑድን እንዴት አሳለፋችሁ ስንባል ሌሎቹ ስለ ተራራና ስለ በረዶ ያወራሉ፤ እኔ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ነበር እላለሁ። አስተማሪዋ እናቴን አስጠራቻት።

ውሃው ሲጨምር ድምፅ የለውም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄ ነበር። ቅድም ያየሁት ድንጋይ ዞር ብዬ ስመለስ የለም። አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ራሳቸውን ክንፋቸው ሥር ቀብረው፣ ተኝተው፣ ራስ እንደሌላቸው ሆነው በጨለማው ውስጥ ያልፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከማዶ አንድ ነገር ውሃውን በጥፊ ይመታና ጸጥ ይላል። ጅራተ ሰፊ እንስሳ እንደሆነ፣ ስሙም ካስቶር እንደሚባል አስተማሪዬ ነግራኝ ለአባቴ ሳወራው፣ ቀን ቀን ካስቶር ይሆናላ አለኝ።

አባቴ አንድ ሕግ ነበረው። ማታ ውሃ ዳር ስም አይጠራም። እሱ እንደሚለው ውሃ የሰማውን ስም ይይዛል፤ ቆይቶም የምታውቀውን ሰው ድምፅ ተውሶ ይጠራሃል። አቤት ያለ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ ጫሞ ዳር አንድ ምሽት አቤት ብሎ ከእሳቱ አጠገብ እንደተነሳ ነገረኝ። ከዚያስ ስለው ጉበቱን መቆራረጥ ጀመረ። ሰው ሲሆን ሦስቴ ይጠራል፣ ያ ነገር ግን ከሁለት አያልፍም፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ሳልሰማ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። ውሃው ዳር እስካለን ድረስ እሱ ራሱ ስሜን አይጠራም። ሲፈልገኝ ባልዲውን በጣቱ ያንኳኳል።

እናቴ ይህን የሰማች ቀን ቤቱ ተቀወጠ። እሑድ እሑድ ምድር ቤት በተከራዩት አዳራሽ ከሚሰበሰቡ አማኞች ጋር የምትጸልይ፣ በእምነቷ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ስሟን የሚያውቅ ጌታ ነው፣ ልጄ ስትጠራ እንዳደገ ልጅ አቤት ትላለች ብላ ፊት ለፊት ነገረችው። አባቴ አልተከራከራትም፤ ፈገግ ብሎ ቦቲ ጫማውን አጠለቀ። እኔም ለቤት አንድ፣ ለወንዝ አንድ ሕግ ይዤ ኖርኩ።

ያ ነገር የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። እንደደረስን ውሃው ጎድሎ ከቦዩ አፍ ፊት ለፊት ያለው የጠጠር ጉብታ ጀርባው ወጥቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጉም ወረደ፤ እንዲያው ዝም ብሎ ከውሃው ላይ ተነስቶ እግሬ ሥር ደረሰ። የዳር ዘንጉ ቃጭል ጮኸች። አባቴ ጎተተ፣ ተጎተተ፤ ከዚያ ክሩ ከጉብታው ማዶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ላይ ተጠላልፎ ቀረ። ከባልዲው ላይ እንዳልነሳ በእጁ ምልክት ሰጠኝና ግንባሩ ላይ ያሰራትን ባትሪ አብርቶ፣ ክሩን በእጁ እየተከተለ ጉብታውን አቋረጠ። ብርሃኗ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ሎሚ አከለች፤ ከዚያ የለችም።

ጉሙ ነው የጋረዳት ብዬ ተቀመጥኩ። ቃጭሏ በራሷ ጥቂት ተንቀጨቀጨችና ተወች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ጠጠሮቼን ላነሳ ጎንበስ ስል እጄ ውሃ ነካ። ከእኔና ከአባቴ መሃል የነበረው ጉብታ የለም።

«ሰናይት።»

ከቀኝ በኩል ነው የመጣው፣ አባቴ ካልሄደበት ወገን። የእሱ ድምፅ ነው፤ ደግሞም አይደለም፤ አፉን እንስራ ውስጥ ከትቶ የሚናገር ሰው ይመስላል። በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ። ረጅም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከግራ፣ ቀረብ ብሎ፣ ደግሞ ስሜን ጠራ፤ መጨረሻው ላይ ግን ተቆረጠ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ጆሮዬ እስኪያመኝ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ዘጠኝ ዓመት ለእንዲህ ዓይነት ሂሳብ አይበቃም። የጠራኝ አባቴ ከሆነ በዚያ ጉም ውስጥ ዳሩ በየት በኩል እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው በእኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዝም ካልኩ ውሃው ይወስደዋል። እሱ ካልሆነ ደግሞ አጎቴ በሄደበት መሄዴ ነው። ያስተማረኝ ዝም እንድል ነው፤ ያስተማረኝ ሰው ግን የለም። እናቴ ከሥራ ገብታ ባዶ አልጋ ስታይ ታየኝ። እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም፤ ስወልድም እንኳ።

«አቤት፣ አባዬ» አልኩ።

ድምፄ ከአፌ የራቀ አይመስለኝም። ደግሜ አልኩ። ከዚያ ማን ያቁመኝ፣ ባልዲውን እየደበደብኩ አቤት፣ አቤት፣ አቤት እያልኩ ጮህኩ። ከቆይታ በኋላ ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ። አንድ እጅ ከጉሙ ወጥቶ ሸምበቆውን ጨበጠ። እጁን አይቼ አላመንኩም፤ ቢላ መትቶት የጠቆረውን ጥፍሩን ሳይ ነው ያመንኩት። የአባቴ ባትሪም፣ አንድ እግር ቦቲውም የሉም። አላቀፈኝም። መጀመሪያ ያደረገው ጣቱን አፌ ላይ ማድረግ ነበር።

ጆሮዬ ሥር ሆኖ ነገረኝ። አንሸራትቶት ባትሪዋ ወደቀች፤ ሲነሳ ውሃው ደረቱ ደርሷል፤ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ዳር ነው ብሎ ሲሄድ የነበረው ወደ ዋናው ወንዝ ነው። የእኔን ድምፅ ከኋላው ሲሰማ ነው የዞረው። ይህን ብሎ ስሜ ስንቴ ሲጠራ እንደሰማሁ ጠየቀኝ። ሁለቴ አልኩት።

«እኔ አንዴ ነው የጠራሁሽ» አለ። «ከዚያ አፌን ውሃ ሞላው።»

የመጀመሪያው ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ወደ ቀኝ አሳየሁት። ሁለተኛውን ወደ ግራ አሳየሁት። ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ አየ፤ እሱ የወጣው ከግራ ነበር። ክሮቹን በቢላ ቆርጦ ዘንጎቹን እንደቆሙ ተዋቸውና አዝሎኝ በጫካው መንገድ ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት አሮጊት በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ያደረገውን፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ሰው አይተው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ መስኮቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ እጄን እንደጨበጠ ካሩዥ ደረስን።

እናቴ ነገሩን ሰምታ ምንም ሳትቆጣ ተንበረከከች። አባቴ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ሲያደርገው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዝ አልወረደም። አርብ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፣ ዓይኑ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የለም። ስለ ውሃ የማውራት ልማዱም ቀረ፤ ለእኔ ሲል ያጣው ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን ሲታሰብ ማዶው ገደል ነው፤ የገደል ማሚቶ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔም ብዙ ጊዜ ተገላግያለሁ። ችግሩ ማሚቶ የሚመጣው ከድምፁ በኋላ መሆኑ ነው፤ አባቴ ከወጣበት ወገን መጥቶ ተቆርጦ የቀረው ደግሞ ሁለተኛው ጥሪ ነው፤ የመጀመሪያው ከእሱ በፊት ነው የተሰማው። እናቴ መልአክ ነው ትላለች፣ ልጅቷን አንቅቶ ያዘጋጃት።  አባቴ ባለፈው ዓመት ጄኔቫ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከማንኛውም ውሃ ርቆ፣ ሞቅ ባለ አልጋ ላይ አረፈ፤ እስከ መጨረሻው ስለዚያ ድምፅ ምንም አላለም።

ዛሬ ስም ርካሽ ሆኗል። ስልክ ይጠራሃል፣ ቢሮ ያለው ማሽን ይጠራሃል፣ ዕቃ የሚያመጣው ልጅ ደረጃ ላይ ሆኖ ይጠራሃል። ልጄን ሦስቴም አራቴም ብጠራት ጆሮዋ በሙዚቃ ተደፍኗል፤ በአምስተኛው ጀርመንኛ ቀላቅላ «ግላይህ፣ ማሚ፣ መጣሁ» ትለኛለች። ውሃና ጨለማ ምን እንደሚያደርጉ አታውቅም፤ ባለማወቋም ደስ ይለኛል። እኔን ግን አልለቀቀኝም። ከሥራ ስወጣ ጉም ካለ አውቶቡሱን ትቼ በግላት ወንዝ ዳር እሄዳለሁ። ግላት ወንዝ ይባል እንጂ ዳርና ዳሩን አስተካክለው የቀየሱት፣ የመኪና ጩኸት የሚያልፍበት ምስኪን ውሃ ነው። የእግረኛው ድልድይ ላይ ቆሜ እጆቼን ኪሴ ከትቼ አዳምጣለሁ። አባቴ ናፍቆኛል። ስሜን በእሱ ድምፅ የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ ማንም ይሁን፣ በዚያ ድምፅ አንዴ ብቻ ብጠራ ሁለተኛውን አልጠብቅም።