ድምፁ የተቆለፈበት መኪና

ጋራዡ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ዝምታ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው የመኪና ጭስ ማውጫ ነው። የተቀደደ ማርሚታ ይበይዳል፣ የላላ ያጠብቃል፣ እያጓራ የገባውን መኪና ዝም አሰኝቶ ይሸኛል። ታዲያ ስሙ የወጣው በመኪኖቹ ነው እንጂ፣ የእሱ አፍስ ሥራ አይፈታም! መኪና ስር ተኝቶ እንኳ ያወራል። እግሩን ብቻ እያዩ ከእሱ ጋር የሚከራከሩ ደንበኞች አሉ።

የራሱ አሮጌ መኪና ግን ጉድ ነበረች። ከስሯ የላላ ቆርቆሮ ነበራት፤ ገና መታጠፊያው ላይ «ቀጭ ቀጭ» ስትል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማታል። ከሁሉ ቀድማ የምትሰማት ደግሞ እናቱ ናት። ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከእህቱ ጋር ነው የምትኖረው። እሱ በየቀኑ ለምሳ ሲመጣ፣ ያንን ቆርቆሮ ከሩቅ ትሰማና ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ የግቢውን በር ትከፍትለታለች። ማብሰሉም፣ ማጠቡም፣ መስፋቱም አንድ በአንድ ከእጇ ወጥቷል። የቀራት ሥራ ይኸው በር ነው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች።

«አንተ ልጅ፣ የሰውን ሁሉ ትጠግናለህ፤ ያቺን ቆርቆሮህን መቼ ነው የምትጠግናት? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አሉ!» ትለዋለች።

«ጊዜ አጣሁ እማዬ» ይላል እሱ። ሁሌም መልሱ ይኸው ነው።

አሮጌዋ መኪና አንድ ቀን መንገድ ላይ ነፍሷን ሰጠች። እህቱ «ነዳጅ አትቀዳ፣ ዘይት አትቀይር፣ ምን ቸገረህ?» ብላ ወተወተችውና በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዛ። ማርሚታ የሌላት መኪና! በያጁ ሸሪኩ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «እንጀራህን የምትዘጋብህን ገዝተህ መጣህ?» አለው።

ችግሩ በሩ ላይ መጣ። መኪናዋ እንደ ጥላ ሹልክ ብላ ስትደርስ እናት ምን ሰምታ ትክፈት? ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ክላክስ ግን የሁሉም ነው። በማግስቱ ለቆሻሻ መኪና ከፈተች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለጎረቤት ሲሚንቶ ያመጣ ሾፌር «ግባ ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል» ተባለ። ጨዋ ሰው ነው፣ እምቢ አላለም፤ ገብቶ በላ።

ያኔ እህቱ የመኪናዋን ስክሪን ስትነካካ «የሞተር ድምፅ» የሚል አገኘች። ነዳጅ የማትጠጣው መኪና ነዳጅ እንደጠገበች በድምፅ ማጉያ ታጓራለች! እናቱ ሳምንት ቢፈጅባትም ለመደችው። «ጉሮሮውን ያመመው ድመት ነው የሚመስለው፤ ይሁን ግን፣ ልጄ ነው» አለች። ሦስት ወር በሰላም በሩ ተከፈተ።

ከዕለታት አንድ ቀን ድምፁ እመንገድ ላይ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ «ነፃ የሙከራ ጊዜዎ አልቋል። በድምፁ ለመቀጠል በየወሩ ይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እዚያው ቆሞ የመኪናዋ ኩባንያ ጋ ደወለ። አንዲት ልጅ አነሳች።

«ድምፁ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም ጌታዬ፤ መኪናዎ ውስጥ ነው። ተቆልፎ ነው።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የእርስዎ።»

«ድምፁስ?»

«እሱ የኩባንያው ነው። ሲከፍሉ ይከፈትልዎታል።»

«እንዴ! ሠላሳ ዓመት ሰው ድምፅ አጥፋልኝ እያለ ሲከፍለኝ ኖሮ፣ ዛሬ እኔ ጩኹልኝ ብዬ ልክፈል? በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት በይኛ!»

«ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ጌታዬ?»

አንዲት ሳንቲም አልከፍልም ብሎ ማለ። እልኸኛ ነው። ዳሩ ግን የእልሁን ዕዳ የከፈለችው እናቱ ናት። ኮሽ ባለ ቁጥር በር መክፈት ጀመረች። በአራተኛው ቀን ልጄ ነው ብላ እስከ አስፋልቱ ወጣች፤ ሞተር ሳይክል ለጥቂት ሳታት። እህቱ ሮጣ ደርሳ ቁልፉን ከእናቷ አንገት አወለቀች። «ከዛሬ ጀምሮ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ!»

በማግስቱ ሲገባ እናቱ ወንበሯ ላይ ነበረች። እጇ የቁልፉን ቦታ አንገቷ ላይ ይፈልጋል። «መጣህ?» አለች ብቻ። ምሳዋንም ነካ ነካ አድርጋ ተወችው።

ጋራዥ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። እልህ የት አባቱ፣ ይከፈላል! ጣቱን ወደ ስክሪኑ እንደዘረጋ የአንድ ደንበኛ መኪና እየተንቀጫቀጨ ገባ። የጋሽ ዝምታ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«የአሮጌዋ ቆርቆሮ የት ነው ያለው?» ብሎ ዘሎ ወረደ።

«ያ ዝገት? ከውዳቂው ብረት ጋር ነዋ» አለ ሸሪኩ።

እስኪመሽ አዲሷ መኪና ስር ተኝተው ዋሉ። ቆርቆሮውን ሲያጠብቁት ዝም ይላል፤ ሲያላሉት መሬት ይጎትታል። «ዓለም የሚያጠብቀውን አንተ ታላላለህ፤ አብደሃል እንዴ?» ይላል ሸሪኩ። ጋሽ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ያዳምጥ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ስክሪኑ በራ፦ «ከመኪናዎ ስር ያልታወቀ ድምፅ ተሰምቷል። ለምርመራ አገልግሎት በየወሩ…»

«ዞር በል ወዲያ!» አለው።

ቀጭ ቀጭ እያለ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ክላክስ አላደረገም። ከውስጥ የእናቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ቁልፌን አምጪ! ቁልፌን አምጪ እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ መጣ!»

ቁልፉ ቀዳዳውን ፈልጎ ፈልጎ አገኘ። በሩ ተከፈተ። እናቱ አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አልጠገንካትም?»

«ጊዜ አጣሁ እማዬ።»

እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳበሰችው።

«እንኳን አጣህ» አለችና ቁልፏን አንገቷ ላይ አጠለቀች።